ከጭምብሉ ሥር የወጣው እሺታ

«ጩኺ!» አላት እንድርያስ።

ሉሊት ጮኸች። ቢያንስ የጮኸች መስሏት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ቅዳሴ መሀል «ትንሽ ጠጋ በይልኝ» የምትል ሴት ድምፅ ነው።

«ስትራይክ።»

«ማንን ነው የምታባብዪው? እንደገና!»

«እየጮህኩ ነው እኮ!»

«አሁን የጮኽሽው ይሻላል። እኔን ስትቆጪ ድምፅ አለሽ።»

ሳቀች። እሑድ ከሰዓት ነበር። አትላንታ አጠገብ ባለችው ታከር ውስጥ፣ ከአንድ ረድፍ ሱቆች ጀርባ ባለው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሁለቱ ብቻ ቆመዋል። ከሱቆቹ አንዱ የአባቷ ጎሚስታ ነው፤ እሑድ ዝግ ነው። ሉሊት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጣች በነጭ ቀሚሷ ላይ የደረት መከላከያ አጥልቃ፣ የብረት ጭምብሏን በግራ እጇ ይዛለች። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች መኪናቸውን ቀስ አድርገው ያዩዋታል።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ያደገችው ስኔልቪል ነው። አሁን ደንዉዲ ውስጥ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ሃይስኩል ሳለች ሶፍትቦል ትጫወት ነበርና የሜዳ ናፍቆት ለቋት አያውቅም። በኦገስት ወር የቤዝቦል ዳኝነት ስልጠና እንደሚሰጥ ስታይ ለማንም ሳትናገር ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በወንዶች ተሞልቶ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ አለና በአማርኛ «እንዴ! የጋሽ አምባቸው ልጅ!» አለ።

እንድርያስ ነበር። ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አድጎ፣ በሃያ አራት ዓመቱ አትላንታ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራውን የሰጡት የሉሊት አባት ናቸው። ሁለት ዓመት ጎማ ሲፈታና ሲያስር ኖሮ ወደ አንድ መጋዘን ተዛወረ፤ እዚያ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። ያን ጊዜ ሉሊት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። እሱ ደግሞ በእሷ ዓይን ከመኪና ሥር የሚታይ ጥንድ እግር ብቻ ነበር። ፊቱን ያየችው አሁን ነው። ካየችው በኋላ ደግሞ ማየት ማቆም አቃታት።

«ለምንድነው ዳኛ መሆን የፈለግከው? ላይክ፣ ሰው ሁሉ የሚሰድበው ሥራ ነው» ብላ ጠይቃው ነበር።

«በካምፕ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ማን ወረፋ ቀደመ፣ ማን ማንን ገፋ፣ ሁሉም ያያል፤ ያየውን የሚናገር ግን የለም። እዚህ መጋዘን ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ቲቪ ላይ ቤዝቦል ሳይ፣ አንድ ሰውዬ ከመቺው ኋላ ጎንበስ ብሎ ያየውን ይናገራል። ሃምሳ ሺህ ሰው ይጮህበታል፤ እሱ ግን ያየው ያየው ነው። እንደሱ መሆን አማረኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሉሊት ረቡዕና ቅዳሜን፣ የስልጠናውን ቀናት፣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

አሁን እንድርያስ መጥቶ ከጎኗ ቆመና ክርኗን ቀና አደረገላት። «ስትራይክ ማለት ኳሷ በትክክል አልፋለች ማለት ነው። አንቺ አይተሻል። ሌላው ሰው ሁሉ ገምቶ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ንገሪያቸው።»

እጁ ክርኗ ላይ ቀረ። ሉሊት ጎንበስ አለች፤ የሌለችውን ኳስ በዓይኗ ተከተለች፤ ከሆዷ አየር ሳበች።

«ስትራይክ!»

ድምፁ ከሱቆቹ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። የጎሚስታው የኋላ በር ብርግድ አለና አቶ አምባቸው የረሱትን መነጽር በእጃቸው ይዘው ወጡ።

«ምንድነው? ማን ሞተ?»

ልጃቸውን ከነደረት መከላከያዋ አዩ። የእንድርያስን እጅ አዩ። እንድርያስ እጁን አውርዶ ጎንበስ አለ።

«ጋሽ አምባቸው፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነህ እንድርያስ?» አሉት በደግ ድምፅ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዓይን ውስጥ ተመለከቱ። እዚያ ያገኙት ነገር አስደነገጣቸው። «ሉሊት፣ ወደ ቤት።»

በሀይዌይ 78 ወደ ስኔልቪል ሲመለሱ አቶ አምባቸው ቀኝ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ፊቷ ላይ ዘረጉ።

«ጥፍሬን እዪው። ሃያ አራት ዓመት ታጠብኩት፤ ጥቁሩ አልለቅ አለኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት አንቺ እንደኔ ያለ ሰው እንድታገቢ ነው?»

«ማን ስለ ማግባት አወራ፣ አባዬ?»

«ዓይንሽ አወራ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ግን ለአንቺ አይሆንም። ስልጠናውን ጨርሺ፣ ከልጁ ጋር ያለውን ነገር ግን ተዪ።»

ሉሊት በመስኮቱ በኩል ዛፎቹ ሲያልፉ እያየች ክርኗን በሌላ እጇ ሸፈነችው። የእጁ ሙቀት ገና እዚያ ነበር።

*

ከዚያ በኋላ የሚገናኙት ስልጠና ላይ ብቻ ሆነ። አሰልጣኛቸው ሚስተር ዋልተር የዲኬተር ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የዳኘ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ። ሁለቱን በአንድ ቡድን መደባቸው፤ እሷ መቺው ከሚቆምበት ከሆም ፕሌት ጀርባ፣ እሱ ሜዳው መሀል።

«ሁለት ዳኞች አንድ ሰው ናቸው» ይላቸው ነበር። «ወርዋሪው ኳሱን ከመልቀቁ በፊት ተያዩ። ሳትተያዩ ጨዋታ አይጀመርም።»

ሚስተር ዋልተር ደንብ ብሎ ያስተማረው ነገር ለሁለቱ ሌላ ነገር ሆነ። በአንድ ጨዋታ ሁለት መቶ ሃምሳ ጊዜ ይተያያሉ። እሷ በጭምብሉ ብረት መሀል፣ እሱ ከኮፍያው ጥላ ሥር። አባቷ የከለከሉት ነገር በሕግ ታዝዞ ተመለሰላቸው።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ሁለቱም አንድ ትልቅ ፈተና ወሰዱ። የፕሮፌሽናል ሊግ ሰዎች አትላንታ መጥተው ከመቶ የሚበልጡ ዳኞችን በአንድ ቀን አዩ። ከመሀላቸው ጥቂቶቹ በጃንዋሪ ፍሎሪዳ ለአራት ሳምንት ስልጠና ይጠራሉ። እዚያ ያለፈ ሰው የእንጀራ ሥራው ዳኝነት ይሆናል። «አብረን ነው የምንሄደው» ተባብለው ነበር።

ጥሪው የመጣው በኦክቶበር፣ ሰኞ ቀን ነው። ሉሊት ኢሜይሉን መሥሪያ ቤቷ ሆና ከፈተችው፣ ወደ ደረጃው ሮጣ ወጣች፣ ደወለችለት።

«እንድርያስ! ተጠራን! ኦ ማይ ጋድ፣ ተጠራን! ሚስተር ዋልተር ከቅዳሜው የመጨረሻ ጨዋታ በኋላ የማረጋገጫ ወረቀቱን ከላከ አለቀ! ቅዳሜ ካልዳኘሁ ግን ጥሪው ይሰረዛል፣ ስለዚህ አትታመም፣ ምንም አትሁን፣ ኦኬ?»

በወዲያኛው በኩል ትንሽ ዝምታ ነበር። ከዚያ ሳቁ መጣ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ሉሊትዬ። እንኳን ደስ አለሽ።»

ደስታዋ ውስጥ ሆና አንድ ነገር አልጠየቀችውም። አንተስ አላለችም።

ረቡዕ ልምምድ ሲያልቅ ጭምብሏ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። እንድርያስ ቀድሞ ሄዷል። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ከፈተችው። በእጅ የተጻፈ፣ ከዳር እስከ ዳር አማርኛ!

አንድ ጊዜ «አማርኛ ታነቢያለሽ?» ብሎ ጠይቋት «ኦፍ ኮርስ» ብላው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራለች፤ ንባቧ ግን እዚያው ቀርቷል። የታተመ ጽሑፍ እንኳ ጣቷን እየጎተተች ነው የምታነበው። የእሱ ጽሕፈት ደግሞ ተያይዞ ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ዘለለቻቸው። ከዚያ አንድ የምታውቀው ቃል አገኘች፤ ፍሎሪዳ።

«የፍሎሪዳው... ጥ... እኔ... አልመጣም።»

ቆመች። ደግማ አነበበችው። የፍሎሪዳው። እኔ። አልመጣም። ቀጥሎ ያለውን በደንብ ለየችው፤ «አንቺ ግን ሂጂ» ይላል።

አልመጣም። አንቺ ሂጂ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በእንባዋ ውስጥ ተደበላለቀ። አንድ ቦታ ላይ «ይገባኛል» የሚል ቃል ያየች መሰላት። ምኑ ነው የሚገባው? አባቷን ፈራ ማለት ነው። ወይም ደከመው። ሰኞ ዕለት በስልክ የሰማችው ያ ዝምታ አሁን ትርጉም አገኘ። ክብሯ ተነካ፤ ከክብሯ በላይ ደግሞ ልቧ። ስልኳን አንስታ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መስመር ጻፈችለት። «ገባኝ። መልካም ዕድል።»

መልስ አልመጣላትም። ሐሙስም። ዓርብም።

*

ቅዳሜ ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሉሊት የአባቷ ጎሚስታ ውስጥ ያረጀ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕቃዋ መኪናዋ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን ላለመሄድ ቆርጣለች። ሁለት መቶ ሃምሳ ጊዜ ዓይኑን ማየት አትችልም።

አቶ አምባቸው አንዲት መኪና ክሪክ ላይ ሰቅለው ብሎን እያላሉ በጎን ያዩዋታል።

«ዛሬ ጨዋታ የለሽም እንዴ?»

«አልሄድም።»

«ጥሪውስ?»

«ይቅርብኝ።»

መፍቻውን አስቀመጡ። «ምን ነካሽ ልጄ? ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስሽም። እናትሽ ሥራ ቦታ ሆና እየደወለች ምን ሆነች ትለኛለች።»

ያን ጊዜ ነው የተነሳችው። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች።

«ደስ ይበልህ አባዬ። ይኸው። ትቶኛል። አንተ ተዪው አልከኝ፣ እሱ ቀደመኝ። እንደኔ ያለ ሰው አታግቢ ብለኸኝ አልነበር? እኔ ግን እንደ አንተ ያለ ሰው ነበር የምፈልገው! ከአንተ የተሻለ ሰው የት አለ? እስቲ ንገረኝ፣ የት አለ?»

ሠራተኛው ኮምፕረሰሩን አጠፋና ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። አቶ አምባቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ።

ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በዝምታ አነበቡት። መጨረሻው ላይ ደረሱ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ክሪክ ላይ የተንጠለጠለችውን መኪና ረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

ሉሊት ያቺን ደቂቃ ቆይታ ስታስባት ሰውነቷ ይሸማቀቃል። ያን ጊዜ አባቷ ወረቀቱን አጥፈው «ይሁን፣ ለበጎ ነው» ብለዋት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። የፈለጉት ነገር እጃቸው ላይ ነበር። ሳይዋሹ ማግኘት ይችሉ ነበር።

«ምን ይላል ብለሽ ነው የምታለቅሺው?» አሉ በመጨረሻ።

«ፍሎሪዳ አልመጣም፣ አንቺ ሂጂ ይላል።»

«አይልም።»

«አባዬ፣ አንብቤዋለሁ!»

«አላነበብሽውም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንበብ አላስተማርኩሽም።» ጠጋ አሉና ጥቁር ጥፍራቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «እዪ። ‹የፍሎሪዳው ጥሪ እኔ ጋ አልመጣም› ነው የሚለው። ‹ጣ› ጠብቆ ነው የሚነበበው። ጥሪው ነው ያልመጣው። እሱማ መች አልመጣም አለ? አልጠሩትም ልጄ። አንቺን ጠርተው እሱን ተዉት።»

ሉሊት አፏን በእጇ ያዘች። ሰኞ ዕለት በስልክ ውስጥ ያቺ ዝምታ። ተጠራን! እያለች የጮኸችበት ጆሮ።

«ቁጭ በዪ» አሉ አቶ አምባቸው። «ከመጀመሪያው ላንብብልሽ።»

እሳቸው ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በቀስታ አነበቡት።

«‹ሉሊት፣ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ስለዚህ በአማርኛ ልጻፍልሽ። የፍሎሪዳው ጥሪ እኔ ጋ አልመጣም። አንቺ ግን ሂጂ። ሰኞ ስትደውዪልኝ ደስታሽን ላቋርጥብሽ አልፈለግኩም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች አዩኝ። ለራሴ ማዘን ነበረብኝ፤ ለአንቺ መደሰቱ ግን ቀደመኝ። ሰው ከራሱ በፊት ለሌላ ሰው ሲደሰት ምን እንደሚባል አውቃለሁ።›»

አቶ አምባቸው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉ።

«‹ከፍሎሪዳ ስትመለሺ ላገባሽ እፈልጋለሁ። እሺ ካልሽኝ አባትሽን ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ፤ ከጀርባቸው ምንም አላደርግም። መጀመሪያ የመጣሁ ክረምት በስስ ጃኬት ስንቀጠቀጥ አይተውኝ፣ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ካፖርት መስቀያው ላይ ትተውልኝ በሸሚዝ ወደ ቤታቸው የሄዱ ሰው ናቸው። እሳቸውን ማስቀየም አልችልም። መልስሽ እምቢ ከሆነ ግን ምክንያት አትፈልጊ። አንድ መስመር ብቻ ላኪልኝ። ይገባኛል። ያንቺው እንድርያስ።›»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። «ካፖርቱን የረሳሁ ነበር ያስመሰልኩት» አሉ በቀጭን ድምፅ። «አውቆብኛል።»

ሉሊት ግን ሌላ ነገር ነበር የሰማችው። አንድ መስመር ብቻ ላኪልኝ። ገባኝ፣ መልካም ዕድል!

«አባዬ! እምቢ ብዬዋለሁ! ሳላውቅ እምቢ ብዬዋለሁ!»

አቶ አምባቸው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ። ጨርቁን ወርውረው የእሷን የመኪና ቁልፍ አነሱና በበሩ በኩል ለሠራተኛው ጮኹ። «አንተ ጨርሳት! እኔ ሜዳ ሄድኩ!»

ቅዳሜን ያህል ቀን ጎሚስታውን ጥለው ሲወጡ ሉሊት በሕይወቷ አይታ አታውቅም። አባቷ የእሷን መኪና እየነዱ፣ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ የእግር መከላከያዋን እያሰረች፣ በላቪስታ መንገድ ላይ ሲበሩ ልቧ ከመኪናው ይፈጥን ነበር።

*

ሜዳው ላይ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈዋል። እንድርያስ ብቻውን መሀል ቆሟል። ሚስተር ዋልተር ሰዓቱን አይቶ «ብቻህን ታጫውታለህ» ሊለው አፉን ሲከፍት ሉሊት ጭምብሏን ይዛ እየሮጠች ገባች።

እንድርያስ አያት። አንድ ጊዜ ብቻ። ፊቱ ላይ ደስታ ብልጭ አለና ወዲያው ጠፋ፤ ዓይኑን ወደ ሣሩ ጣለ።

«እንድርያስ፣ ሊስን፣ ደብዳቤህን...»

«መልስሽ ደርሶኛል» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ምሬት የለበትም፤ እሱ ነው የባሰው። «አሁን ሥራ ላይ ነን። ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

ወደ ቦታው ሄደ። ሉሊት ጭምብሏን አጥልቃ ከካቸሩ፣ ከኳስ ቀላቢው፣ ጀርባ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች። ዝቅ፣ መሀል፣ ንጹሕ።

«ስትራይክ!»

እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ካቸሩ ራሱ ዞር ብሎ አያት። ሦስት ቀን የታፈነው ሁሉ በዚያ ድምፅ ውስጥ ወጣ። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ! ከሚስተር ዋልተር አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ቀና ቀና አሉ። ከመቀመጫዎቹ ጥግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በቤዝቦል ለዳኛ የሚያጨበጭብ የለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አቶ አምባቸውን አያቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

እንድርያስም አያቸው። ግራ ገባው። ከዚያ በኋላ ግን ደንቡ ስለሆነ ከውርወራ በፊት ዓይኑን ወደ እሷ ማንሳት ነበረበት። ባነሳ ቁጥር እሷ በዓይኗ ልትነግረው ትታገላለች፤ እሱ ደግሞ ሥራውን ብቻ አይቶ ይመልሳል። አራት ዙር እንዲህ አለፈ። እሷን የሚያህል ችኩል ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

አምስተኛው ዙር ላይ መቺው በኃይል ሰነዘረ። ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነክታ ወደ ኋላ ተስፈነጠረችና በቀጥታ የሉሊትን ጭምብል መታችው። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። ሰማዩና ሜዳው ተገለባበጡ። በጀርባዋ አፈሩ ላይ ተዘረረች።

ጨዋታው ቆመ። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ከሜዳው መሀል ሮጦ መጥቶ አጠገቧ ተንበርክኳል፤ ኮፍያው ወድቋል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሉሊት! ሉሊትዬ! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ።»

«ጭምብሉን ላውልቅልሽ፣ አትንቀሳቀሺ...»

እጁን ያዘችው። «ቆይ። መጀመሪያ ስማኝ። አማርኛ ማንበብ አልችልም።»

«ምን?»

«ዋሽቼህ ነው! አልችልም! አልመጣም የምትለዋን ተሳስቼ አነበብኳት። አንተ ፍሎሪዳ አልመጣም ያልክ መሰለኝ። የተውከኝ መሰለኝ። ከዚያ በታች ያለውን አላየሁትም! ዛሬ ነው አባዬ ያነበበልኝ።»

«ጋሽ አምባቸው?» አለ እንድርያስ። «እሳቸው አነበቡልሽ?»

«ጮክ ብሎ! እስከ መጨረሻው! ስለ ካፖርቱም!»

የሁለቱ ቡድኖች አሰልጣኞች፣ ካቸሩ፣ ሚስተር ዋልተር ከነአንካሳ ጉልበቱ፣ ሁሉም እየሮጡ ደርሰው ከበቧቸው። እንድርያስ አንዳቸውንም አላያቸውም።

«ታዲያ መልሱ...» አለ።

«እሺ ነው» አለች ሉሊት ከጭምብሉ ሥር። እያለቀሰች ትስቃለች። «እሺ! እሺ! ሺህ ጊዜ እሺ!»

ሚስተር ዋልተር ጭንቅላቷን ተጎድታለች ብሎ ደንግጦ ሦስት ጣቱን ፊቷ ላይ ዘረጋ። ስንት ነው አላት፤ ሦስት አለችው። ዛሬ ቀኑ ምንድነው ሲላት «ቅዳሜ!» ብላ ጮኸች። «ምርጥ ቅዳሜ!»

«ምን እያለች ነው?» አለ ሽማግሌው ወደ እንድርያስ ዞሮ።

እንድርያስ ኮፍያውን ከመሬት አነሳ። አፈሩን አራገፈ። «ደህና ነኝ እያለች ነው፣ ሰር» አለ። «በጣም ደህና ነኝ እያለች ነው።»

ሚስተር ዋልተር አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ከአፈሩ ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ ፈገግ ብሎ ነበር። ራሷን በደንብ መርምሮ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ አሥር ደቂቃ አሳርፎ «መቀጠል ትችያለሽ?» ሲላት ሜዳው መሀል ያለው ሰው ከሩቅ እያያት ነበር። አሁን ዓይኑን አላሸሸም።

የቀሩት ዙሮች እንዴት እንዳለፉ ሉሊት አታስታውስም። የምታስታውሰው ከእያንዳንዷ ኳስ በፊት ቀና ማለቷን ነው። ቀና ባለች ቁጥር እዚያ ነው። ባየችው ቁጥር ደረቷ ይሞላል፤ ኳሷ ደግሞ ከወትሮው የምትዘገይላት፣ የምትተልቅላት ይመስላታል።

*

ጨዋታው ሲያልቅ ሚስተር ዋልተር «ወረቀትሽ ዛሬውኑ ይሄዳል» ብሏት መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ተጫዋቾቹም ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ከአጥሩ ዳር ሦስት ሰዎች ብቻ ቀሩ።

እንድርያስ ኮፍያውን አውልቆ አቶ አምባቸው ፊት ቆመ። ልብሱ አፈር በአፈር ሆኗል።

«ጋሽ አምባቸው፣ ደብዳቤውን እንዳነበቡት ሰማሁ።»

«አነበብኩት።»

«እንደዚያ ሊሰሙት አልነበረም ያሰብኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጽሕፈትህ አያስነብብም» አሉ አቶ አምባቸው ኮስተር ብለው። «ሌላው ሌላው ደህና ነው።» ጫማቸውን አዩ። «ልጄን የምትፈልግ ከሆነ ወግ አለው። ሜዳ ላይ ተንበርክኮ አይደለም። ሽማግሌ ይላካል።»

እንድርያስ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«የምልከው የለኝማ» አለ። «አባቴን አላውቀውም። እናቴም ካምፑ ውስጥ ነው ያረፈችው። እዚህ አገር አንድ ነገር ቢቸግረኝ ሄደው ይናገሩልኝ የምላቸው ሽማግሌ... እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ነፋሱ የሜዳውን አፈር ትንሽ አነሳ። አቶ አምባቸው የሚያውቁት ወግ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

«እንዲህ ከሆነ» አሉ፣ «ራሴን ወደ ራሴ ልትልከኝ ነው?»

«ከፈቀዱልኝ።»

«ተልኬ ሄጄ እምቢ ብባልስ?»

«እርስዎን እምቢ የሚል ሰው አላየሁም።»

አቶ አምባቸው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ፤ እንደ ትልቅ ሰው መልእክተኛ ደረታቸውን ነፉ። «የሴት ወገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ‹እንመካከርበት፣ ተመለሱ› ነው የሚባለው። ይቺ ልጅ ፍሎሪዳ ሥራ አላት። እሷ ሠርታ እስክትመለስ እኔ ከኔ ጋር እመካከራለሁ።» ከዚያ ወደ እንድርያስ ጠጋ አሉ። «አንተ ግን እስከዚያ ድረስ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ቤት ና። ብቻህን አትብላ።»

እንድርያስ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሰውየው አላስጨረሱትም፤ ጎትተው አቀፉት፤ የልጁ ራስ ትከሻቸው ላይ ወደቀ።

ሉሊት ሁለቱን እያየች ወደ እነሱ ልትራመድ አስባ ነበር። ሰባት ዙር ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ያልተቀመጠችው ልጅ ግን እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ደስታ እንዲህ ሰው እንደሚጥል እስከዚያች ቀን ድረስ አታውቅም ነበር።